ቢላዋችሁን ወደ ኤግዚቢሽን ስታወጡ

መርካቶ ገብታችሁ የቤት ዕቃ ከሚሸጥባቸው ሱቆች አንዱ ዘንድ ቆም በሉ። እጀታው ወይራ የሆነ፣ ጀርባው ወፈር ያለ፣ በእጅ የተቀጠቀጠ ቢላዋ ታገኛላችሁ። «ይሄ የት ተሠራ?» ብላችሁ ጠይቁ። ነጋዴው «የአገር ውስጥ ነው» ይላችኋል፤ ከዚያ በላይ አይነግራችሁም። ሰበታ ይሁን፣ ቡራዩ ይሁን፣ ሱሉልታ ይሁን እሱም ላያውቀው ይችላል፤ ቢያውቅም ለመናገር ምክንያት የለውም። ባለእጁ ከሰል አቀጣጥሎ፣ ወናፍ ነፍቶ፣ ወገቡ እስኪንቀጠቀጥ ደክሞ የሠራው ቢላዋ ስም የለውም። ስም ስለሌለውም ዋጋውን የሚቆርጥለት ሌላ ሰው ነው።

ሰበታ በጅማ መንገድ፣ ቡራዩ በአምቦ መንገድ፣ ሱሉልታ ደግሞ ከእንጦጦ ጀርባ በጎጃም መንገድ ላይ ናቸው። ሦስቱም ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በሸገር ከተማ ሥር ሆነዋል። ለአዲስ አበባ መቅረባቸው ለባለእጁ ጥቅምም ጉዳትም አለው። ጧት ሄዶ ማታ መመለስ ይቻላል፤ ይህ ጥቅሙ ነው። ነገር ግን ነጋዴውም እንደዚያው ጧት መጥቶ፣ ዕቃውን በጅምላ ሰብስቦ፣ ማታ ከተማ ይገባል። ታዲያ ከገዢው ጋር ፊት ለፊት የሚያገናኘን ምንድን ነው? አንዱ መንገድ ኤግዚቢሽንና ባዛር ነው። በአዲስ አበባ ከእንቁጣጣሽ፣ ከገናና ከፋሲካ በፊት ትልልቅ ባዛሮች ይደረጋሉ። በየበዓሉ ዶሮ ይታረዳል፣ በግ ይጣላል፣ ቅርጫ ይገባል፤ ስለዚህ ቢላዋ የሚፈለግበት ወቅት ነው።

ዋናውን ነገር ቀድመን እንናገረው። ኤግዚቢሽን የቅዳሜ ገበያ አይደለም። በቅዳሜ ገበያ የያዝከውን ሸጠህ ትገባለህ፤ አበቃ። ኤግዚቢሽን ላይ ግን አንድ ሰው አንድ ቢላዋ ገዝቶ ይሄድና ከወር በኋላ «እንደዚያ ያለ 30 ፍሬ ለሥጋ ቤቴ እፈልጋለሁ» ብሎ ይደውላል። ትርፉ ያለው እዚያ ላይ ነው። እንግዲህ 30ውም እንደ መጀመሪያው ካልሆኑ፣ ወይም የሠራው ማን እንደሆነ ካልታወቀ፣ ያ ስልክ አይደወልም። ዝግጅቱ ሁሉ ለዚህ ነው፤ ቢላዎቹ እርስ በርስ እንዲመሳሰሉና የሠራቸው ሰው እንዲታወቅ።

መጀመሪያ፣ ምን ምን እንያዝ? ብዙ ሰው ያለውን ሁሉ ጭኖ ይሄዳል፤ ማጭድ፣ መጥረቢያ፣ ሰንጢ፣ ጩቤ፣ ካራ። ጠረጴዛው የቆራሌው ጆንያ የተዘረገፈበት ይመስላል። እንዲህ አታድርጉ። ሁለት ወይም ሦስት ዓይነት ይበቃል። አንዱ ለሽንኩርትና ለጎመን የሚሆን የጓዳ ቢላዋ ነው። ሁለተኛው ቀጠን ያለ፣ ጫፉ ሹል የሆነ፣ ዶሮ መበለቻ ነው፤ 12ቱን ብልት የምታወጣ ሴት መገጣጠሚያውን ፈልጎ የሚገባላት ስለት እንጂ አጥንት የሚሰብር ብረት አትፈልግም። ሦስተኛው የሥጋ ቤት ቢላዋ ወይም ካራ ነው፤ ረዘም ያለ፣ በአንድ ስበት የሚቆርጥ። ጩቤውን ግን ቤት ተዉት። ጩቤ የጦር መሣሪያ ይመስላል፤ በር ላይ ያስቆማችኋል፤ የቤት እመቤቷንም ከጠረጴዛችሁ ያሸሻታል።

አሁን ወደ ብረቱ እንምጣ። እዚህ ላይ ረጋ ብላችሁ አንብቡ፤ ሌላው ሁሉ ሊስተካከል ይችላል፣ ብረቱ ከተበላሸ ግን እጀታ ቢያምር ዋጋ የለውም።

ብረት ሁሉ ስለት አይዝም። ስለት እንዲይዝ የሚያደርገው በውስጡ ያለው ካርቦን ነው። ለቤት ግንባታ የሚሆነው ፌሮ ካርቦኑ ትንሽ ነው፤ ከመቶ እጅ 0.2 ወይም 0.3 ቢሆን ነው። ብታግሉትም፣ ብትነክሩትም አይጠነክርም። የመኪና ባሌስትራ ግን ከመቶ እጅ 0.5 እስከ 0.6 ያህል ካርቦን አለው፤ ለዚህ ነው አባቶቻችን ከጭነት መኪና የወጣ ባሌስትራ ሲያገኙ ደስ የሚላቸው የነበረው። ባሌስትራ መርካቶ ምናለሽ ተራም፣ በየጋራዡም ይገኛል። ስትገዙ ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። አሮጌ ባሌስትራ ለዓመታት ሲታጠፍና ሲዘረጋ ስለኖረ ዓይን የማያየው ስንጥቅ ሊኖረው ይችላል። ዝገቱን ጥረጉና ላምባ ቀቡት፤ ከዚያ ጥርግ አድርጋችሁ የኖራ ዱቄት ነስንሱበት። ስንጥቅ ካለ ላምባው ከውስጥ ወጥቶ በኖራው ላይ መስመር ይሠራል። ያንን ቁራጭ ለማረሻ ወይም ለዶማ አውሉት፤ ለቢላዋ አይሆንም።

ለኤግዚቢሽኑ የምትሠሯቸው ቢላዎች በሙሉ ከአንድ ዓይነት ባሌስትራ ቢወጡ ይመረጣል። ከአንድ መኪና የወጣውን አንድ ላይ አስቀምጡ፤ ጠመኔ ይዛችሁ ቁጥር ጻፉበት። አንዱ ከዚህ፣ አንዱ ከዚያ ከሆነ እሳቱ ላይ ጠባያቸው ይለያያል፤ ከዚያ «ያኛው ጥሩ ነበር፣ ይሄኛው ግን…» የሚል ደንበኛ ይመጣል።

ቀጥቅጣችሁ ቅርጽ ካስያዛችሁ በኋላ ማጠንከር ይመጣል። ብዙ ባለእጅ በዓይኑ መቅላቱን አይቶ ውሃ ውስጥ ይጨምረዋል። ጠንከር ያለ ፀሐይ ባለበት ቦታ ደግሞ መቅላቱ በትክክል አይታይም፤ ስለዚህ አንዴ ያንሳል፣ አንዴ ይበዛል። ዘዴው ቀላል ነው። ከተበላሸ ሬዲዮ ድምፅ ማጉያ ላይ ማግኔት አውጡና በሽቦ አንጠልጥሉት። ቢላዋው ሲግል ማግኔቱን አስጠጉት። ማግኔቱ መሳብ ሲያቆም ብረቱ 770 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ደርሷል ማለት ነው። ከዚያ ትንሽ፣ በጣም ትንሽ ጨምሩለትና ከእሳቱ አውጡት። ከዚያ በላይ ብታግሉት የብረቱ ቅንጣት ይሻክራል፤ ብረቱም ተሰባሪ ይሆናል።

የሚነከረውም ውሃ ውስጥ አይሁን። ባሌስትራ በውሃ ድንገት ሲቀዘቅዝ ይሰነጠቃል፤ «ጭቅ» የሚል ድምፅ ከሰማችሁ አለቀ፣ የቀኑ ድካም ሄደ። ዘይት ውስጥ ንከሩት። ዘይቱም ለብ ያለ ይሁን፤ የቀዘቀዘ ዘይት ወፍራም ስለሆነ ሙቀቱን ቶሎ አይወስድም። ከጋራዥ የሚጣለው የተቃጠለ ዘይት ርካሽ ነው፣ እውነት ነው፤ ግን ጭሱ ሳንባ ይጎዳል፣ ቢላዋውም ምግብ የሚነካ ነው። የምግብ ዘይት ይሠራል። አንድ ጣሳ ገዝታችሁ ስታበቁ ክደኑት፤ ብዙ ጊዜ ታገለግላችኋለች። ዘይት እሳት እንደሚይዝም አትርሱ። የጣሳው ክዳን ከብረት የተሠራ ይሁን፤ ቅርብ ይቀመጥ፤ ሕፃን አይጠጋ።

አሁን ቢላዋው እንደ ጠርሙስ ሆኗል። ጠንካራ ነው፣ ቢወድቅ ግን ይሰበራል። ብዙዎቻችን የምንስተው እዚህ ላይ ነው፤ «ጠነከረ» ብለን ስለን እንሸጠዋለን፤ ገዢው አጥንት ሲነካበት ስለቱ ይሸረፋል። ስለዚህ እንደገና በቀስታ ማለዘብ ያስፈልጋል። በ200 ዲግሪ ላይ ሁለት ሰዓት ማቆየት ነው። ይህን የሚያህል እሳት የት ይገኛል ብትሉ፣ ዳቦ ቤት ይገኛል። የዳቦ ምድጃ ሙቀት እዚያው አካባቢ ነው። ከዳቦ ጋጋሪው ጋር ተስማሙ፤ ዳቦው ከወጣ በኋላ ቢላዎቻችሁን ዘይታቸውን በደንብ አጥባችሁ አስገቡለት። ዳቦ ዘይት ዘይት እንዳይል ነው እንጂ ለብረቱስ ግድ የለውም። ምድጃ ካጣችሁ ደግሞ ወፍራም ብረት አግላችሁ የቢላዋውን ጀርባ አስደግፉት። ቀድማችሁ ፊቱን አንጽታችሁት ከሆነ ቀለሙ ሲለወጥ ታያላችሁ፤ መጀመሪያ የገለባ ቀለም፣ ቀጥሎ ቡናማ፣ በኋላ ሰማያዊ። ስለቱ የገለባ ቀለም ሲይዝ አቁሙ። ሰማያዊ ከደረሰ ለቢላዋ ከመጠን በላይ ለዝቧል።

ለመሆኑ መሥራቱን በምን ታውቃላችሁ? ከነከራችሁት በኋላ፣ ከማለዘባችሁ በፊት በሞረድ ሞክሩት። ሞረዱ ሳይነክስ ከተንሸራተተ ጠንክሯል። ተስላችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ ደግሞ ስለቱን የናስ ሚስማር ላይ ጫን አድርጋችሁ ግፉት። ስለቱ ትንሽ ጎብጦ ከተመለሰ ጥሩ ነው፤ ጎብጦ ከቀረ ለዝቧል፣ ከተሸረፈ ገና አልለዘበም። ሌላም አለ፤ ከየእሳቱ አንድ ቢላዋ ሠውታችሁ ስበሩት። ያሳዝናል፣ አውቃለሁ። ግን የተሰበረውን ፊት ተመልከቱ። እንደ ጤፍ ዱቄት የላመ ግራጫ ከሆነ እሳታችሁ ልክ ነበር። እንደ አሞሌ ጨው ስባሪ የሚያብለጨልጭ ሻካራ ከሆነ አብዝታችሁ አግላችኋል። ይህን ስባሪ አትጣሉት፤ ኤግዚቢሽኑ ላይ ይዛችሁ ውጡ። ገዢው «በምን አምናለሁ?» ሲል ከአሥር ቃል ይልቅ ያ ስባሪ ይመሰክራል።

ስለ እጀታ ብዙ አልልም። ወይራ ይበልጣል፤ ከባድ ነው፣ ውሃ ቶሎ አይጠጣም። ግን ደረቅ ይሁን። እርጥብ ወይራ ያምራል፤ ሦስት ወር ሳይሞላው ተሰንጥቆ የናስ ሚስማሩን ይለቃል። ቀንድም ጥሩ ነው፤ በሙቀት ስለሚለዝብ ማቃናት ይቻላል። እጀታውን ካለሳለሳችሁ በኋላ የተልባ ዘይት አሽታችሁ አድርቁት። በብረቱና በእንጨቱ መካከል ክፍተት አይኑር፤ ጥፍራችሁን አስገቡና ሞክሩ፣ ጥፍር የሚገባበት ክፍተት ሥጋም ይገባበታል፣ ይሸታል። አስተዋይ ሴት መጀመሪያ የምትመለከተው ይህን ነው።

ቀጥሎ ስም ነው። እዚህ አገር ባለእጅ ስሙን ዕቃው ላይ ያለማድረጉ በአጋጣሚ አይደለም። «ቀጥቃጭ»፣ «ጠይብ»፣ «ቡዳ» እየተባለ ሲሰደብ ኖሯል፤ በኦሮምኛም «ቱምቱ» ተብሎ ከሰው ማዕድ የተገለለበት ጊዜ ነበር። ማረሻውን ይሠራለታል፣ ጎተራውን ያሞላለታል፣ ግን ልጁን አይድርለትም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛ በሥራው እንዳይሰደብ አዋጅ አስነግረው ነበር። አዋጁ ስድቡን አላጠፋውም። የሚሰደብ ሰው ደግሞ ስሙን ብረት ላይ አይቀርጽም፤ ይሸሽጋል እንጂ። እንግዲህ ጠረጴዛ ዘርግቶ «ይህን የሠራሁት እኔ ነኝ» ብሎ መቆም ከሽያጩ በላይ ነገር አለው።

ሌላው ዓለም ይህን ቀደም ብሎ አውቆታል። በእንግሊዝ አገር ሼፊልድ በምትባል ከተማ አካባቢ ያሉ ቢላዋ ሠሪዎች በ1624 እ.ኤ.አ. በሕግ ማኅበር አቋቁመው፣ እያንዳንዱ ባለእጅ የራሱን ምልክት እያስመዘገበ ቢላዋው ላይ ይመታ ነበር። በጀርመን አገር ደግሞ ዞሊንገን የተባለችው ከተማ ስም በ1938 እ.ኤ.አ. በሕግ ተጠብቋል፤ እዚያ ያልተሠራ ቢላዋ ላይ ያንን ስም መጻፍ ክልክል ነው። በእኛም አገር የንግድ ምልክት የሚመዘገብበትና የሚጠበቅበት አዋጅ አለ፤ አዋጅ ቁጥር 501/1998 ነው። ምዝገባው የሚከናወነው በአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ነው። ለመጀመሪያው ኤግዚቢሽን ምዝገባ ላይደርስላችሁ ይችላል፤ ምልክቱ ግን ይኑር።

ምልክቱን እንዲህ ሥሩ። ከአሮጌ ሞረድ ቁራጭ አለዝባችሁ ጫፉ ላይ አንድ ፊደል ቅረጹ፤ ከዚያ አጠንክሩት። ፊደሉ ብረት ላይ ሲመታ ተገልብጦ ስለሚታተም፣ የምትቀርጹት በመስታወት እንደሚታየው ተገልብጦ መሆን አለበት። «በ» ወይም «ሠ» ግራና ቀኛቸው ስለሚመሳሰል አያስቸግሩም። «ረ» ወይም «ቡ» ከሆነ ግን መጀመሪያ ወረቀት ላይ ጻፉና ወረቀቱን ገልብጣችሁ በብርሃን እያያችሁ ቅዱ። ቢላዋው ላይ ስትመቱ እጀታው አጠገብ፣ ወፍራሙ ላይ፣ ከመጠንከሩ በፊት ይሁን። ስለቱ አጠገብ የተመታ ፊደል ለስንጥቅ በር ይከፍታል።

ዋጋስ? እርሳስና ወረቀት ያዙ። የምሰጣችሁ ቁጥር ለስሌት ምሳሌ ነው እንጂ የገበያ ዋጋ አይደለም፤ የራሳችሁን ተኩበት። 20 ቢላዋ ለመሥራት ባሌስትራ 1,200 ብር፣ ከሰል 1,000፣ ለእጀታ እንጨትና ናስ 600፣ ዘይትና ብርጭቆ ወረቀት 400፣ ትራንስፖርት 500፣ የኤግዚቢሽን ቦታ ኪራይ 2,300 ብር ወጣ እንበል። ድምሩ 6,000 ነው። ለ20 ሲካፈል ለአንዱ ቢላዋ 300 ብር። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ያቆምና «በ500 ብር ከሸጥኩ 200 አተረፍኩ» ይላል። ጉልበቱስ? ለመሥራት 10 ቀን፣ ጠረጴዛው ላይ ለመቆም 5 ቀን፣ በጠቅላላው 15 ቀን ነው። ሌላ ቦታ ብትሠሩ በቀን 500 ብር የምታገኙ ከሆነ 7,500 ብር ይሆናል፤ ለአንዱ ቢላዋ 375። እንግዲህ ቢላዋው ያወጣው 675 ብር ነው። በ500 ሸጦ «ሁሉም አለቀልኝ» ብሎ እየዘፈነ የገባው ሰው 3,500 ብር ጎድሎበታል፤ ለ15 ቀን ድካሙ የቀረው 4,000 ብር ብቻ ነው።

«675 ካልኩ ማን ይገዛኛል?» ትሉ ይሆናል። ወጪውን መቀነስ ይቻላል። ከሰበታ አንድ፣ ከቡራዩ አንድ፣ ከሱሉልታ አንድ ሆናችሁ አንድ ቦታ ብትከራዩ ኪራዩ ለሦስት ይከፈላል፤ መቆሙም በተራ ይሆናል፤ አምስቱ ቀን ለአንድ ሰው ከሁለት ቀን በታች ይወርዳል። በየከተማችሁ ያለውን የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤትም አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ለተደራጁ ባለሙያዎች ቦታ የሚመቻችበት ጊዜ አለ። አንድ ነገር ግን ተጠንቀቁ፤ ሦስታችሁ በአንድ ጠረጴዛ ላይ አንዱ የሌላውን ዋጋ እየሰበረ እንዳይሸጥ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። በዚህ ተጣልተው የተለያዩ ስንት አሉ።

ለጉዞው ስትዘጋጁ እያንዳንዱን ስለት በካርቶን ሸፍኑ፤ በቆዳ ሰገባ ከሆነ ለረጅም ጊዜ አታቆዩት፣ ቆዳ እርጥበት ይይዝና ያዝገዋል። የእንቁጣጣሹ ባዛር ዝግጅት ክረምት ላይ ስለሚውል፣ በተለይ ሱሉልታ ላይ ብርዱና ጭጋጉ ሲበረታ፣ ቢላዋ በአንድ ሌሊት ዝገት ሊይዝ ይችላል። ስስ ዘይት ቀብታችሁ አስቀምጡ። በር ላይ ፍተሻ አለ፤ አንድ ጆንያ ሙሉ ስለት ይዞ የመጣን ሰው ማንም ዝም ብሎ አያሳልፍም። ከአዘጋጁ ደብዳቤ አስቀድማችሁ ተቀበሉ፤ የቢላዎቹ ዓይነትና ብዛት ይጻፍበት፤ ስትወጡም የሸጣችሁትን ቀንሳችሁ ያው ቁጥር ይሁን።

ጠረጴዛው ላይ ብዙ አትደርድሩ። ከየዓይነቱ ሁለት ሁለት ይበቃል፤ ሌላው ከሥር ይቀመጥ። ስለቱ ወደ እናንተ፣ እጀታው ወደ ገዢው ይዙር። ለሕፃናት በማይደርስ ከፍታ ይሁን። አጠገቡ ዋጋው፣ የብረቱ ዓይነት፣ የሠራው ሰውና ከተማው በትልልቅ ፊደል ተጽፎ ይቀመጥ። ጽሕፈታችሁ ካላማረ ልጃችሁን አጽፉ፤ ዋጋ ሳይጻፍ ግን አይቀር፣ ዋጋ ለመጠየቅ የሚያፍር ሰው ዝም ብሎ ያልፋል። ስለቱን ለማሳየትም የሚቆረጥ ነገር ያዙ። የገናውና የፋሲካው ባዛር በጾም ላይ ስለሚውል ሥጋ ይዛችሁ አትቁሙ፤ የበሰለ ቲማቲም ይሻላል። ደህና ስለት የቲማቲሙን ቆዳ ሳይጫን ይከፍታል።

ሰውም ይጠይቃችኋል።

«ልጄ፣ ይሄ ነገር አይዶለዱምም?»

«ይዶለዱማል እማማ። የማይዶለዱም ስለት የለም። ግን ድንጋይ ላይ ትንሽ ቢያመላልሱት ይመለሳል።»

«አይዝግም?»

«ይዝጋል። አጥበው ካደረቁት ግን አይዝግም። ገንዳ ውስጥ አያሳድሩት።»

እንዲህ ተናገሩ። ከውጭ የሚመጣው ነጭ ቢላዋ ቶሎ እንደማይዝግ ሁሉም ያውቃል፤ የእናንተም አይዝግም ብላችሁ ብትሸጡ እማማ በሳምንቱ ጉዳችሁን ለሠፈር ያወራሉ። የሌላውን ዕቃም አታጣጥሉ፤ ጎረቤት ጠረጴዛ ላይ ያለው ሰው ይሰማል።

ትእዛዝ የሚቀበል ደብተር ይኑራችሁ። የሰውየው ስም፣ ስልኩ፣ የቢላዋው ዓይነት፣ ብዛቱ፣ ቀብዱ፣ የሚረከብበት ቀን ይጻፍ። በሳምንት 10 የምትሠሩ ከሆነ በሳምንት 30 አትዋዋሉ፤ «እችላለሁ» ማለት ለአፍ ይቀላል። ከየዓይነቱ አንድ ቢላዋ ደግሞ ምንም ብር ቢሰጣችሁ አትሽጡ። እሱ ናሙና ነው። ዘይት ቀብታችሁ፣ በጨርቅ ጠቅልላችሁ፣ ከደብተሩ ጋር ሳጥን ውስጥ አስቀምጡት። ትእዛዙን ለማስረከብ ከመውጣታችሁ በፊት እያንዳንዱን ቢላዋ ከናሙናው ጎን አስተኝታችሁ ርዝመቱን፣ የጀርባውን ውፍረት፣ የእጀታውን መገጣጠሚያ አስተያዩ። ያልተመሳሰለውን ወደ እሳት መልሱት።